ሂውማን ሄሬ ማጅራቴ ላይ ተቋጠረ፤ ቤቴ ልጠበው ወይስ ይፈታ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «የምኖረው ጎንደር፣ ማራኪ ነው። መስከረም 25 አዲስ ሥራ ስጀምር 18 ኢንች ሂውማን ሄር፣ ሦስት ጥቅል፣ አሰፋሁ። ስገዛው እንደ ሐር ነበር። አሁን ጫፉ ገለባ ሆኗል፣ ማጅራቴ ላይ ያለው ተቋጥሮ ማበጠሪያ አያስገባም፣ ራሴንም ያሳክከኛል። በየሳምንቱ ፀጉር ቤት መመላለስ አልቻልኩም። ቤት ውስጥ እንዴት ልያዘው? እናቴ ለገና ቅቤ ልቀባሽ እያለችኝ ነው። ጥምቀት ደርሷል፣ ጥር 24 ደግሞ የወንድሜ ሠርግ ነው።»

እህቴ፣ ጥያቄሽ የደረሰኝ ታኅሣሥ 5 ነው። ስለ ሻምፖና ስለ ቅባት ከማሰቤ በፊት ቀኑን ቆጠርኩ፤ ከመስከረም 25 ጀምሮ 70 ቀን፣ ማለትም አሥር ሳምንት ሆኖታል። እኔ ስምንት ሳምንት ያለፈውን ስፌት አላጥብም፣ እፈታለሁ። ስለዚህ አሁን አትጠቢው፤ ይፈታ። የተፈታውን ፀጉር ግን ቤትሽ አጥበሽ፣ አበጥረሽ፣ ለወንድምሽ ሠርግ ልታደርሺው ትችያለሽ። አካሄዱን እንዳለ እነግርሻለሁ።

ለምን እንደሚፈታ ልንገርሽ። ፀጉር በወር አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ያድጋል። ሂውማን ሄሩ የተሰፋበት፣ ከሥር የተሠራልሽ ሹሩባ እስካሁን ከራስሽ ቆዳ ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዷል። መስከረም ላይ ቆዳሽን ተጠግቶ የተቀመጠው ስፌት አሁን ተንጠልጥሏል። አንድ ጥቅል ብዙ ጊዜ 100 ግራም ነው፤ ሦስቱ 300 ግራም ይሆናሉ፣ ውኃ ሲጠጣ ደግሞ ክብደቱ ይጨምራል። ያን ሁሉ የተሸከመው የላላ ሹሩባ ነው፤ አንገትሽን ባዞርሽ ቁጥር ይጎትታል፣ ከሁሉም በፊት የሚጎዳው ደግሞ የግንባርሽና የጆሮሽ አካባቢ ስስ ፀጉር ነው። በመጎተት የሚመጣ መመለጥ ገና ሲጀምር ከተደረሰበት ፀጉሩ ይመለሳል። ለዓመታት ከተደጋገመ ግን የፀጉሩ ሥር ጠባሳ ሆኖ ይዘጋል፣ ያኔ ቅባት ቢቀቡት አይበቅልም። በዚህ ጉዳይ ለደንበኞቼ ተለሳልሼ አላውቅም። ሂውማን ሄሩ ንብረት ነው፤ ቢበላሽ ሌላ ይገዛል። የግንባርሽን ፀጉር ከየትም አትገዢውም።

ማሳከኩ ብቻውን ብዙ የሚያስፈራ አይደለም። ላብ፣ የሞተ ቆዳና የቅባት ትራፊ ሹሩባው መካከል ተጠራቅሞ ነው። ነገር ግን ሲፈታ መግል የያዘ ብጉር፣ ስትነኪው የሚያምሽ ቦታ ወይም ክብ ሆኖ የተመለጠ ቦታ ካገኘሽ ፀጉር ሠሪ ዘንድ አትሂጂ፤ የዩኒቨርሲቲው ሆስፒታል የቆዳ ሐኪም ይየው። ቆረቆር ከሆነ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል፣ በሚቀባ ነገር ብቻ አይድንም። እስኪጣራ ድረስ ማበጠሪያሽንም ሻሽሽንም ለማንም አታውሺ።

አሁን አፈታቱ። ቀን ላይ፣ መስኮት አጠገብ ተቀመጪ፣ ዓይኗ የሚያይ እጇም የማይቸኩል ሰው ከኋላሽ ትቁም። ምላጭ እጃችሁ እንዳይገባ። ትንሽ መቀስ፣ ጫፉ ያልሾለ ቢሆን ይመረጣል። የሚቆረጠው በመኪና የተሰፋውን የፀጉሩን ጠርዝ ከሹሩባሽ ጋር ያያያዘው ክር ብቻ ነው። ጠርዙን በሁለት ጣት ከፍ ስታደርጊው ክሩ ተወጥሮ ይታያል፤ እዚያች ላይ ቁረጪ፣ ቀጥሎ ያለውን ለቀቅ አድርጊ፣ እንደገና ቁረጪ። ክሩ ከፀጉርሽ ጋር ቀለሙ ተመሳስሎ ካስቸገራችሁ ጠርዙን ትንሽ ዘንበል አድርጋችሁ ከጎን እዩት። አንድ ሰዓት ቢፈጅ ይፍጅ። ግማሽ ሰዓት ለማትረፍ ሲባል የራሷ ሹሩባ ከሥሩ የተቆረጠባት ልጅ አይቻለሁ።

ሹሩባው ሲፈታ የሚወጣው ፀጉር ያስደነግጥሻል፤ «ፀጉሬ አለቀ» ብለው እያለቀሱ የደወሉልኝ ብዙ ናቸው። ስሌቱን አስቀድመሽ እወቂው። ጤነኛ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ፀጉር ይረግፍበታል። በ70 ቀን ከ3,500 እስከ 7,000 መሆኑ ነው። ሌላ ጊዜ በማበጠሪያው፣ በትራሱና በመታጠቢያው ላይ ሳታስተውዪው የሚሄደው ሁሉ ሹሩባው ውስጥ ታስሮ ቆይቶ ባንድ ቀን ወጣ። ራስሽ ላይ ያለው በጠቅላላ ወደ 100,000 ይጠጋል። የወጣውን ነጭ ወረቀት ላይ አድርገሽ እዪው፤ አንደኛው ጫፏ ላይ ቅንጣት የምታክል ነጭ ነጥብ ያላት ጊዜዋ ደርሶ የረገፈች ናት። ነጥብ የሌላቸው አጫጭር ቁርጥራጮች ከበዙ ግን ፀጉርሽ እየተሰበረ ነው፤ ይህን ለሚቀጥለው ስፌት ልብ በዪው።

ሹሩባው ከሥሩ በሚጀምርበት ቦታ ላይ ግራጫ፣ ሰም የመሰለ ቆሻሻ ታገኛለሽ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ለመታጠብ ይቸኩልና ውኃ ያፈስበታል። ያ ቆሻሻ ከረገፈው ፀጉር ጋር እርጥብ ሆኖ ከተላቆጠ መቀስ እንጂ ሌላ የሚፈታው የለም። በደረቁ ነው የሚወጣው። ጣትሽን ዘይት አስነክተሽ ቦታውን እያሸሽ አላልተሽ አላቅቂው፣ ቀጥለሽ በማበጠሪያው ጫፍ ሞክሪው፣ ከዚያ ሙሉውን አበጥሪ። ውኃ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ወደ ሂውማን ሄሩ ልመለስ። ከራስ ቆዳ የወጣ ፀጉር የራስሽም ቢሆን ሕይወት የለውም፤ ኬራቲን የሚባል ፕሮቲን ነው፣ እንደ ጥፍር። የአፄ ቴዎድሮስ ጉንጉን በ1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ተቆርጦ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ፣ በኋላም ለንደን በሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም ተቀምጦ፣ በ2011 ዓ.ም. ለአገሩ ሲመለስ 151 ዓመት ሆኖት ነበር። ማንም የማያሸው ደረቅ ቦታ ያገኘ ፀጉር አይበሰብስም። ስለዚህ «ሂውማን ሄር ከሦስት ወር አያልፍም» የሚሉሽን አትመኚ። ጊዜ ሳይሆን እሽታ፣ ሙቀትና ያለቦታው የተቀባ ነገር ነው የሚያበላሸው። ከራስሽ ፀጉር የሚለይበት ትልቁ ነገር ደግሞ ይህ ነው፤ የራስሽ ፀጉር ከቆዳሽ የሚወጣ ወዝ በየቀኑ ይደርሰዋል፣ የተሰፋው ግን ከየትም አይደርሰውም። የምትሰጪው ብቻ ነው ያለው።

«ስገዛው እንደ ሐር ነበር» ላልሽው። እያንዳንዱ ፀጉር ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት የተደራረበ ሽፋን አለ፤ ከሥሩ ወደ ጫፉ ያዘነበለ። የሁሉም ፀጉር ሥር ባንድ ወገን፣ ጫፉ ባንድ ወገን ሆኖ የተሰበሰበው ሬሚ የሚባለው ነው። ከወለልና ከማበጠሪያ የተለቀመው ግን ሥርና ጫፉ የተዘበራረቀ ስለሆነ ቅርፊቶቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ። ፋብሪካው ይህን ለመከላከል ቅርፊቱን በአሲድ ያስወግደውና በሲሊኮን ይለብጠዋል። ሱቅ ውስጥ የሚያብለጨልጨው ልባጡ ነው፤ ከጥቂት እጥበት በኋላ ይሄዳል፣ ከሥሩ ያለው ራቁቱን ይቀራል። የአንቺ የትኛው እንደሆነ ቤትሽ ልትለዪው ትችያለሽ። አንድ ፀጉር ወስደሽ በሁለት ጣት ከሥሩ ወደ ጫፉ ሳቢው፣ ቀጥሎ ከጫፉ ወደ ሥሩ። ወደ ታች ልስልስ ብሎ ወደ ላይ ጣትሽን ከያዘሽ ቅርፊቱ አለ፣ ጥሩ ዕድሜ ይቀረዋል። በሁለቱም በኩል ልዩነት ከሌለው ቅርፊቱ ድሮ ሄዷል። ከአርቴፊሻል ጋር የተደባለቀ ከመሰለሽ ጥቂት ፀጉር በጉጠት ይዘሽ ክብሪት አስነኪው፤ የሰው ፀጉር እንደ ላባ ሸትቶ አመድ ይሆናል፣ አርቴፊሻሉ ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሠራል። ማሸጊያው ላይ «ብራዚል»፣ «ፔሩ» ስለተባለ ተጨማሪ ገንዘብ እንዳትከፍዪ፤ አብዛኛውን ጊዜ የገበያ ስም ነው። ለዚህ ንግድ ፀጉር በብዛት ከሚወጣባቸው ቦታዎች አንዱ ሕንድ ውስጥ ምእመናን ለስለት የሚላጩበት የቲሩማላ ቤተ መቅደስ ሲሆን፣ አዘጋጅቶ በመሸጥ ቻይና ትቀድማለች።

አሁን ቋጠሮው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት የአንዲት ደንበኛዬን ውድ ፀጉር አበላሽቻለሁ፤ እስካሁን ሳስበው ያመኛል። ጊዜ ለመቆጠብ ብዬ ሙሉውን አናቷ ላይ ሰብስቤ በሙቅ ውኃ፣ በሁለት እጄ እያዞርኩ አሸሁት። ሳፈስሰው አንድ ሆኖ ተጣብቋል። የሱፍ ሹራብ በሙቅ ውኃ ታሽቶ ሲታጠብ ተኮማትሮ የሕፃን ልብስ የሚያክለው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቅርፊቶቹ በሙቀትና በውኃ ይነሡና በእሽታው ይቆላለፋሉ። የአንቺ ማጅራት ላይ የሆነውም ያው ነው፣ ቀስ እያለ ነው እንጂ። ኅዳርና ታኅሣሥ የጎንደር ጠዋት ይበርዳል፤ ሹራቡ፣ የጃኬቱ ኮሌታ፣ የሱፍ ስካርፉ ቀኑን ሙሉ ማጅራትሽ ላይ ፀጉሩን ሲያሸው ይውላል፣ ዳገቱን ስትወጪ ላብ ይጨመርበታል። ብርድ እስካለ ድረስ ፀጉርሽን ከስካርፉ በላይ አውጪው ወይም አንድ ልል ጉንጉን አድርገሽ ወደ ፊት ጣዪው። የምትለብሺው ስካርፍ ራሱ ሳቲን ወይም ለስላሳ ጥጥ ይሁን።

የተቋጠረውን ለመፍታት የተፈታውን ጥቅል ጠርዙን ይዘሽ ወንበር መደገፊያ ላይ እሰሪው። ውኃ አታስነኪው። ጥቂት ኮንዲሽነር በእጅሽ መዳፍ አሙቀሽ ቋጠሮው ላይ ብቻ ለቅልቂው፣ አምስት ደቂቃ ተዪው። ከዚያ በጣትሽ እንደ ጥጥ መፈልቀቅ ነው፤ ከታች ከጫፉ ጀምረሽ፣ ሦስት አራት ፀጉር እየለየሽ ወደ ላይ። በግራ እጅሽ ከቋጠሮው በላይ አጥብቀሽ ያዢ፣ ካልያዝሽው ስበቱ ጠርዙ ላይ ይደርስና ፀጉሩ ከስፌቱ እየተመዘዘ ይወጣል። ሰፊ ጥርስ ያለው ማበጠሪያ የሚገባው ጣትሽ ሳይያዝ ሲያልፍ ብቻ ነው። አልፈታ ያለ ቋጠሮ ካጋጠመሽ አግድም አትቁረጪው። የመቀሱን ጫፍ በፀጉሩ አቅጣጫ ወደ ታች አስገብተሽ ቋጠሮውን ለሁለት ሰንጥቂው፤ ግማሹ ፀጉር ይድናል።

ለእጥበቱ አንድ ጀሪካን፣ 20 ሊትር ይበቃሻል። ስለ ውኃው ግን አንድ ነገር አለ። እኛ ከተማ ውኃ ጠፍቶ ከርሞ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደው ደፍርሶ ነው፤ እሱን ለጽዳት አድርጊው፣ ለፀጉሩ የጠራውን ቀድተሽ አሳድሪ፣ ሲታጠብም ከሥር ያለውን ዝቃጭ አታናውጪ። የጉድጓድ ውኃ የምትጠቀሙ ከሆነ ሻምፖው አረፋ እንቢ ካለሽ፣ ሻይ ማፍያችሁም ውስጥ ነጭ ቅርፊት ከያዘ፣ ውኃው ካልሲየምና ማግኒዥየም በዝቶበታል። እሱ ፀጉሩ ላይ ተለጥፎ ያደርቀዋል፤ ገለባ የመሆኑ አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ በአንድ ሊትር ውኃ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ ጨምረሽ ከእጥበቱ በኋላ አፍስሺበትና ሁለት ደቂቃ ቆይተሽ አለቅልቂው። ክረምት ላይ ደግሞ ጣራው በመጀመሪያዎቹ ዝናቦች ከታጠበ በኋላ የሚጠራቀመውን የዝናብ ውኃ የሚያህል ለፀጉር የለም፤ እናቶቻችን ይህን ያለ ትምህርት ያውቁት ነበር።

ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውኃ አድርጊ፣ ክንድሽ ላይ ሙቀቱም ብርዱም የማይሰማሽ። ሁለት ማንኪያ ሻምፖ በአንድ ኩባያ ውኃ በጥብጪ፤ ሻምፖውን እንዳለ በቀጥታ ፀጉሩ ላይ አታፍስሺ። መለያው ላይ መጀመሪያ ከተጻፉት ውስጥ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት የሚባለው ብርቱ አጣቢ ካለ ይቅርብሽ፣ ያለ ሰልፌት የተሠራውን ፈልጊ። የልብስ ሳሙና፣ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ በፍጹም፤ ሳሙና ቅርፊቱን ያነሣዋል፣ የዕቃ ማጠቢያው ደግሞ የቀረችውን ወዝ ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ጥቅሉን ከጠርዙ ይዘሽ ውኃው ውስጥ ቁልቁል አጥልቂው፣ የተበጠበጠውን ሻምፖ በመዳፍሽ ከላይ ወደ ታች እየዳሰስሽ አውርጂው። ወደ ላይ የሚመለስ እጅ አይኑር። ጠርዙ ላይ ቅባትና ላብ ስለሚጠራቀም እሱን ብቻ በጣትሽ ጫፍ ቀስ ብለሽ እሺው። ካለቀለቅሽ በኋላ ኮንዲሽነሩን ከመካከሉ እስከ ጫፉ ቀቢ፣ 15 ደቂቃ ተዪው፣ በማበጠሪያ አሳልፊ፣ እስኪጠራ አለቅልቂ።

ሲያበቃ አትጭመቂው፣ በፎጣም አታሺው። ያረጀ ነጠላ አለሽ? ከምንም ፎጣ ይሻላል። ጥቅሉን ዘርግተሽ ነጠላው ላይ አስተኚው፣ ጠቅልዪው፣ ጫን ጫን አድርጊው። ነጠላው ውኃውን ይጠጣል፣ ፀጉሩ አይታሽም። ከዚያ ከጠርዙ ጥላ ውስጥ አንጠልጥዪው። በረንዳ ላይ ፀሐይ አታስመቺው፤ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነን፣ ፀሐያችን ከቆላው ይልቅ ቀለም ትበላለች፣ ፀጉሩን ታቀላዋለች፣ ታደርቀዋለች። አንድ ቀን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል፣ ጠርዙ ከሁሉም በኋላ ነው የሚደርቀው። እርጥብ ጠርዝ ፌስታል ውስጥ ከታሰረ ይሻግታል። ሲደርቅ ሁለት ጠብታ የአርጋን ወይም ቀለል ያለ ሌላ የፀጉር ዘይት መዳፍሽ ላይ አሽተሽ ጫፉን ብቻ ዳብሺው። የጉሎ ዘይት ለዚህ ይከብዳል፣ አቧራ ይሰበስባል።

ፎን መጠቀም ካለብሽ በቀዝቃዛው። ፒያስትራ ለሠርጉ ቀን ይቆይ፤ ያኔም በደንብ በደረቀ ፀጉር ላይ፣ ከ180 ዲግሪ ሳያልፍ፣ አንድ ጊዜ ብቻ አሳልፊው። እርጥብ ፀጉር ላይ ፒያስትራ ስታደርጊ የምትሰሚው የ«ጭስስ» ድምፅ ፀጉሩ ውስጥ ያለው ውኃ ፈልቶ እንፋሎት ሲሆን ነው፤ ፀጉሩን ከውስጥ ያሳብጠዋል፣ በዚያው ቦታ ላይ ይሰበራል። እኔ የምመርጥልሽ ቢጎዲ ነው፤ ማታ ጠቅልለሽው ብታድሪ ጠዋት ያለ ምንም ሙቀት ቅርጽ ይይዛል።

ስለ ቅቤው። እናትሽ ትክክል ናቸው፣ ቦታው ግን ሂውማን ሄሩ አይደለም። ቅቤ በጎንደር ብርድ ፀጉሩ ላይ ይረጋል፣ ጠርዙ ውስጥ ይገባል፣ ከሳምንት በኋላ ይሸታል። እሱን ለማስለቀቅ ሙቅ ውኃና ብርቱ ሻምፖ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ገለባ ያደርገዋል። የራስሽ ፀጉር ግን አሥር ሳምንት ታስሮ ደርቋል። ስፌቱ ከተፈታ፣ ራስሽ ላይ ቁስል ከሌለ፣ ፎሮፎርም ከሌለብሽ፣ ለገና ይቀቡሽ፤ ለጋ ይሁን፣ ፀጉሩ ላይ እንጂ ቆዳሽ ላይ አይብዛ፣ ባደረ በማግሥቱ ታጠቢው። እንቁላል ለሁለቱም ይቅርብሽ። የእንቁላል ፕሮቲን ፀጉር ውስጥ ለመግባት ይተልቃል፣ ላዩ ላይ ይቀራል፣ ውኃው ትንሽ ከሞቀ ደግሞ በስሎ ይጣበቃል፤ ከሰው ፀጉር ውስጥ የበሰለ እንቁላል እየለቀምኩ ያመሸሁበት ቀን አለ።

ጥምቀት ላይ ያለ ሂውማን ሄር ሂጂ እልሻለሁ። ጥር 10 ለከተራ ታቦታቱን ሸኝተሽ፣ ጥር 11 ጠዋት ፋሲል መዋኛ ጸበሉ ሲረጭ መጠለል አትችዪም፣ መጠለልም አትፈልጊም። ጸበሉ ፀጉሩን አይጎዳም። ችግሩ ከስፌቱ ሥር የገባው ውኃ ነው። ሹሩባው ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል፣ ከላይ ሲነካ የደረቀ ይመስላል፣ በሦስተኛው ቀን መሽተትና ማሳከክ ይጀምራል። በየዓመቱ ከጥምቀት ሳምንት በኋላ ይህን ሽታ ይዘው የሚመጡ ደንበኞች አሉኝ። የራስሽን ፀጉር ልል ሹሩባ ተሠሪ፤ የሐበሻ ቀሚስ ላይ ከሹሩባ የሚያምር እኔ አላየሁም። ሂውማን ሄሩ ቤት ውስጥ፣ ታጥቦና ደርቆ፣ በሳቲን ጨርቅ ተጠቅልሎ ይቆይሽ። ከአሁን እስከ ጥር 20 የራስሽ ቆዳ ስድስት ሳምንት ያህል ያርፋል።

ጥር 20 ገደማ ይሰፋ። ከመሰፋቱ በፊት የሦስቱንም ጫፍ ሁለት ጣት ያህል አስቆርጪ፤ የደረቀ ጫፍ በምንም አይድንም፣ መቋጠሩን የሚጀምረውም እሱ ነው። ቋጠሮው በጣም የጎዳውን ጥቅል ተዪው፣ በሁለቱ ብቻ ይሰፋልሽ፤ ክብደቱም ይቀንስልሻል። ሲሰፋልሽ ካመመሽ ወዲያው ተናገሪ። የምትሰፋልሽ ልጅ «ሁለት ቀን ነው፣ ይለምዳል» ብትልሽ አትቀበያት፣ ያጠበቀችውን ታላላ። ግንባርሽ ላይ ትንንሽ ብጉር የሚያወጣ፣ ቅንድብሽን ወደ ላይ የሚስብ ስፌት መፈታት ነው ያለበት። የፊት ጠርዙ ላይ ያለው ስስ ፀጉር ሹሩባው ውስጥ ሳይገባ ይቅር።

ከተሰፋ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ቤትሽ መታጠብ ትችያለሽ። አፉ ጠባብ የሆነ የካቻፕ ጠርሙስ አጥበሽ የተበጠበጠውን ሻምፖ በእሱ በሹሩባዎቹ መካከል ቆዳሽ ላይ አፍስሺ፣ በጣትሽ ጫፍ እሺ፣ በጥፍርሽ አይሁን። ሻወር ከሌለሽ የሚያፈስልሽ ሰው በጆግ ከላይ ወደ ታች ያፍስስልሽ። ጎንበስ ብለሽ ፀጉሩን ወደ ፊት ገልብጠሽ አትታጠቢ፣ ያ ራሱ ያቋጥረዋል። የቀረው ሁሉ ከላይ እንደነገርኩሽ ነው። ማድረቁ ላይ ግን አትሳሳቺ፤ ሹሩባው ሥር እስኪደርቅ ፎኑን በቀዝቃዛው ይዘሽ ክፍል በክፍል፣ ከ40 ደቂቃ አያንስም። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት ከሆነ አትጀምሪው። ለዚህ ብቻ ከሆነ ፀጉር ቤት ሄደሽ በለብታ ካስክ ውስጥ አንድ ሰዓት ብትቀመጪ ተገቢ ወጪ ነው።

ማታ ፀጉሩን ለሁለት ከፍለሽ ልል ጉንጉን አድርጊው፣ የሳቲን ሻሽ እሰሪ፤ ከሌለ ትራሱን ሳቲን አልብሺው። እርጥብ ሆኖ አትተኚበት። ጠዋት ከጫፉ ጀምረሽ አበጥሪው፣ ማጅራትሽን በጣትሽ ዳብሺው፤ የምስር ፍሬ የምታክል ቋጠሮ ካገኘሽ እዚያው ፍቺያት፣ ነገ የባቄላ ታክላለች።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ ፀጉሩ ያማረብሽ ይሆናል፣ «ትንሽ ይቆይ» ማለትም ይመጣል። የሚፈታበትን ቀን ዛሬውኑ ቀን መቁጠሪያሽ ላይ ጻፊው፦ ከጥር 20 ሰባት ሳምንት፣ መጋቢት 9።